ጭሱ የወጣበት ቤት

እናቴ ደውላ ስለ ቤት አታወራም። ስለ ቡና ዋጋ ታወራለች፣ ስለ ጎረቤት ልቅሶ ታወራለች፣ ምሳ በልቼ እንደሆነ ሦስቴ ትጠይቃለች። ስለዚህ ባለፈው ነሐሴ «ግድግዳው ጠቆረብኝ» ስትለኝ ነገሩን የቀለም ጉዳይ አድርጌ ወሰድኩት። «ክረምቱ ይውጣና ሰው ልኬ አስቀባልሻለሁ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ቀለም አይደለም የኔ ልጅ፤ ይሸታል» አለችኝ።

ቤቱን ያሠራሁት እኔ ነኝ። ዋጫ ነው፣ ከፋ ዞን፣ ጨና ወረዳ። ከምህንድስና ትምህርት ወጥቼ አዲስ አበባ ሶፍትዌር እየጻፍኩ ሦስት ዓመት ያጠራቀምኩት ብር ያለቀው እዚያ ቤት ላይ ነው። ባለ 60 ቆርቆሮ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ኮርኒስ ያለው። ማዕድ ቤቱን ለብቻው ጓሮ አሠራሁት። «ከእንግዲህ ጭስ ዓይንሽን አያቃጥለውም» ብያት ነበር። የገባችበት ቀን ያነሳኋት ፎቶ አሁንም ስልኬ ላይ አለ፦ ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ በር፣ ደጃፉ ላይ እጇን አጣምራ የቆመች እናት።

መስከረም ላይ ሄድኩ። ከአዲስ አበባ በጅማ አድርጎ ቦንጋ ከ440 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዋጫ ደግሞ ከቦንጋ ያልፋል። ስደርስ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሳብ አደረግሁት። ከጀርባው ያለው ግድግዳ ነጭ አልነበረም። ከወለሉ እስከ ደረቴ ድረስ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ጥጉ ላይ አረንጓዴ እንደ አቧራ የተነሰነሰ ነገር። ፍራሹን ገለበጥኩት፤ ሆዱ ጠቁሯል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ካርታ ተስሏል። ሽታውን ልገልጽ ስታገል እናቴ ቀደመችኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስትለቅም፣ ስታደርቅና ስትሸጥ የኖረች ሴት ናት። «እርጥቡን ጆንያ ውስጥ የከረመ ቡና ነው የሚሸተው» አለች።

ከሰኔ ጀምሮ ትስላለች። ይሄንን ግን በስልክ አልነገረችኝም።

ጤና ተቋም ሄዳ ነበር። መጀመሪያ የተጠረጠረው ቲቢ ነው፤ እኛ አገር ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ሲታይ የሚጠረጠረውም እሱ ነው፣ ትክክልም ነው። አክታዋ ተመረመረ፣ ነፃ ሆነች። አንቲባዮቲክ ወሰደች፣ ትንሽ ተሻላት፣ ተመለሰባት። በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም ጥያቄውን ወደ ቤቱ አዞረው፦ «የምትተኚበት ክፍል ይሻግታል እንዴ እማማ?»

እኔ የኮድ ሰው ነኝ። ሲስተም ሲበላሽ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «መቼ ጀመረ? ከዚያ በፊት ምን ተቀየረ?» የሚል ነው። ይሄንን ጥያቄ ይዤ ወደ ኋላ መቆፈር ጀመርኩ። ቁፋሮው ከአንድ ግድግዳ ጀምሮ የቤታችን ታሪክ ውስጥ ከተተኝ።

ካህኑ ተቆጣጣሪ የነበረበት ዘመን

ስለ ቤት ሻጋታ ከተጻፉት የድሮ መመሪያዎች አንዱ ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ አለ። መጽሐፍ ቅዱስ፣ ዘሌዋውያን፣ ምዕራፍ 14። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ምልክት ያየ ሰው ካህኑን ይጠራል። ካህኑ ከመግባቱ በፊት ዕቃው ይወጣል። ያያል፣ ቤቱን ሰባት ቀን ይዘጋል፣ ተመልሶ ያያል። ምልክቱ ከሰፋ የተበከሉት ድንጋዮች ተነቅለው ከከተማ ውጭ ይጣላሉ፣ የውስጡ ግድግዳ ይፋቃል፣ በአዲስ ጭቃ ይመረጋል። ይሄ ሁሉ ተደርጎ ከተመለሰ ቤቱ ይፈርሳል።

ስሙ እዚያ ሻጋታ አይደለም፤ በሰው ቆዳ ላይ ለሚወጣው ነገር በዋለው በዚያው በለምጽ ስም ነው የተጠራው። ቤት እንደ ሰው ይታመማል የሚል ሐሳብ ነው። ሥነ ሥርዓቱን ለጊዜው ትተን አሠራሩን ብቻ ብናየው ግን ይገርማል፦ ዕቃ አውጣ፣ ቆይተህ እንደገና እይ፣ የተበላሸውን ቀባብተህ አትሸፍን፣ ነቅለህ ጣል። እኔ ነሐሴ ላይ ለእናቴ «አስቀባልሻለሁ» ካልኳት ምክር እጅግ የተሻለ ነው።

ሳይንሱ እዚህ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስቶርም ቫን ሊዩወን የተባለ የኔዘርላንድ ሐኪም የአስም ሕመምተኞቹን ቤት እርጥበትና ሻጋታ ከሕመማቸው ጋር አያያዘ። ሐሳቡ ወደ ለንደን ተሻገረ። በቅዱስ ማርያም ሆስፒታል ላ ቱሽ የተባለ ወጣት የፈንገስ ተመራማሪ ከአስም ሕመምተኞች ቤት ሻጋታ እየሰበሰበ ማብቀል ጀመረ። የእሱ ክፍል ከአንድ ሌላ ተመራማሪ ክፍል በታች ነበር፤ የላይኛው ሰው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ፍሌሚንግ ሳህን ላይ አርፎ ባክቴሪያውን የገደለው፣ በኋላም ፔኒሲሊን የተገኘበት ሻጋታ ከታች ከላ ቱሽ ክፍል ተንኖ የወጣ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። የሰው ቤት ግድግዳ ሲመረመር የተገኘ ሲሳይ ማለት ነው። ዓለም መድኃኒቱን አስታወሰ፣ ግድግዳውን ረሳ።

የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ራሱን የቻለ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦ እርጥብና የሻገተ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ላይ ሳል፣ የትንፋሽ ሲር ሲር ማለት፣ የአስም መባባስና የመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን ይበዛል። መፍትሔው ደግሞ ስንት ዓይነት ሻጋታ እንዳለ መቁጠር አይደለም፤ እርጥበቱን ማስቆም ነው።

እኛ የጻፍነው ሻጋታ

በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ሻጋታና ዘመዶቹ ስማቸው የተነሳው በአብዛኛው በአፍ በኩል ነው፤ ማለትም በምግብ። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ወሎ ውስጥ ሰዎች እጅና እግራቸው እየጠቆረ የሞቱበት በሽታ ተከሰተ። መንስኤው እህል ውስጥ በተቀላቀለ የዱር አጃ ላይ የበቀለ ኤርጎት የሚባል ፈንገስ ነበር። ያው ዓይነት መርዝ በ1993 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ በገብስ በኩል ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብዙዎቻችሁ የምታስታውሱት የወተቱ ጉዳይ አለ፦ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን ተገኘ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ወሰን በታች የነበሩት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። ዋናው መነሻ ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ላይ ያደገ ሻጋታ ነው።

በአፍንጫ በኩል የሚገባው ግን ወሬ አይሆንም። ለምርምር ሰው አልጠፋም፤ ለምሳሌ እኛው ጎረቤት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለው አየር ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት አለ፤ አስፐርጂለስና ፔኒሲሊየም የመሳሰሉት ፈንገሶች ተገኝተዋል። በተራ ወሬያችን ግን የሻገተ እንጀራ ይጣላል፣ የሻገተ ግድግዳ ይቀባል። እንጀራው ላይ ያለውን አንበላውም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሌሊቱን ሙሉ እንተነፍሰዋለን።

አያቴ ቤት ለምን አልሻገተም?

የእኔ ዋና ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ከፋ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ፣ ከየካቲትና መጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሰማይ የሚያፈስበት አገር ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ የመዘገበው ጫካ በዚህ ዝናብ ነው የቆመው፤ የዱር ቡናውም እንደዚሁ። እርጥበት ቤታችን ላይ ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም። ታዲያ አያቴ የሣር ክዳን ቤት፣ ያንን ሁሉ ክረምት ችሎ፣ እንዴት ይህን አልሸተተም?

የአያቴን ቤት አስታውሰዋለሁ። ክብ ነው። መሐሉ ላይ ምሰሶ፣ ከምሰሶው ፈንጠር ብሎ ምድጃ። እሳቱ ማታ ይዳፈን ነበር እንጂ አይጠፋም። ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ለዘር የተመረጠ በቆሎ ተንጠልጥሎ በጭስ ይጠቁራል፣ ነቀዝ አይነካውም። ጣራው ከውስጥ ሲታይ ጥቀርሻ ለብሶ እንደ ጥቁር መስታወት ያብረቀርቃል። ጭሱ በሣሩ ውስጥ እየተንጠፈጠፈ ይወጣል፤ ከሩቅ ያየው ሰው ቤቱ የሚቃጠል ይመስለዋል። ጭቃው ግድግዳ ሲረጥብ ይጠጣል፣ እሳቱ ሲሞቅ ይተፋል።

የከፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እ.ኤ.አ. በ1897 ተሸንፎ መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ከራሱ ጦር ጋር በዚህ አገር አልፏል። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 እና በ1909 መጥቶ ስለ ከፋ ሁለት ወፍራም ቅጾች ጽፏል። ከእነዚህ ሰዎች ሥራ ለእኛ የቀረልን ትዝታ ንጉሡ፣ ጫካውና ቡናው ነው። ምድጃ ታሪክ አይመስልም። ለእኔ ግን አሁን የታሪኩ ዋና ገጸ ባሕርይ እሱ ነው።

ምክንያቱም ያ እሳት ከምግብ ማብሰል በላይ ሥራ ነበረው። አየሩን ያሞቃል፤ የሞቀ አየር ደግሞ እርጥበትን ይሸከማል እንጂ ግድግዳ ላይ አያራግፍም። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ እርጥበቱን ይዞት ይሄዳል። ጭሱ ራሱ ተባይንም ሻጋታንም የሚያከላክሉ ኬሚካሎች አሉት። ይሄንን አባቶቻችንና እናቶቻችን በሌላ በኩል ያውቁታል፤ የወተት ቅል በወይራ የሚታጠነው ለሽታ ብቻ አይደለም።

በኮድ ቋንቋ ልናገረውና፦ ጭሱ ማንም ሰነድ ላይ ያልጻፈው ዲፔንደንሲ ነበር። አዲስ ሥራ ስትጀምሩ አሮጌ ኮድ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የማይገባችሁ አስቀያሚ መስመር ታገኛላችሁ። ታጠፉታላችሁ። ሁሉም ደህና ይመስላል። ከዚያ ክረምት ይመጣል።

ቆርቆሮ

ቆርቆሮን ሄንሪ ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1829 ለንደን ውስጥ የፈጠራ መብት አስመዘገበበት። ቀጭን ብረት ሲታጠፍ ይጠነክራል፤ ሐሳቡ ይሄው ነው። በ1837 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳይ ውስጥ ብረትን በዚንክ የመለበጥ ዘዴ መጣና ዝገቱም ተቀነሰ። ከዚያ መርከብ ላይ ተጭኖ ዓለምን አዳረሰ። እኛም ጋ በምኒልክ ዘመን ገባ፤ የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ከባሕር የሚመጣ ከባድ ዕቃ ሁሉ መንገዱ ቀለለለት። ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ማንም የገጠር ልጅ ያውቀዋል፦ ቆርቆሮ የኑሮ መለኪያ ሆነ። «ስንት ቆርቆሮ ነው?» ማለት «ምን ያህል ደርሳችኋል?» ማለት ነው። ሣር መክደን አድካሚ ነው፣ ይቃጠላል፣ በየጊዜው ይታደሳል። ማንም ሰው ሣር ትቶ ቆርቆሮ ስለመረጠ አይወቀስም።

ችግሩ ቆርቆሮ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ምድጃው ወጣ፣ ኮርኒስ ገባ፣ ጭቃው በሲሚንቶ ተሸፈነ፣ መስኮቱ ለሌባና ለብርድ ተብሎ ጠበበ። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ምክንያታዊ ነው። ሲደመሩ ግን እርጥበት የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የሌለው ሣጥን ሠራን።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ የውኃ ትነት መሸከም ይችላል። በ12 ዲግሪ ግን 11 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ሌሊት ሰማዩ ሲጠራ ቆርቆሮ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፤ የነካው አየር የያዘውን ትርፍ ውኃ እዚያው ያራግፋል። በጠዋት ኮርኒሱን የሚያረጥበው «የሚያፈስ ጣራ» ብዙ ጊዜ ቀዳዳ የለውም፤ የእኛው ትንፋሽ ነው። የተኛ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በሰዓት 40 ግራም ገደማ ውኃ ያወጣል። አራት ሰው ስምንት ሰዓት ሲተኛ ከአንድ ሊትር በላይ ይሆናል። በሩን ዘግታችሁ አንድ ሊትር ውኃ ክፍሉ ውስጥ ረጭታችሁ እንደተኛችሁ ቁጠሩት፤ በየሌሊቱ።

ሲሚንቶው ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። ጭቃ ግድግዳ ከመሬት ውኃ ይስባል፣ ከዝናብም ይጠጣል፤ እስትንፋስ እስካለው ድረስ መልሶ ያተነዋል። በሲሚንቶ ስትለስኑት ግን ውኃው ከጀርባው ይታሰራል። ከላይ ነጭና ደረቅ የሚመስለው ግድግዳ ውስጡ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ነው። እኔ «ያማረ» ብዬ የከፈልኩበት ልስን ይሄው ነበር።

ጭሱም ቅዱስ አይደለም

እዚህ ላይ «ድሮ ቀረ» ብዬ ብጨርሰው ጽሑፉ ያምር ይሆናል፤ ግን ውሸት ይሆናል። አያቴ ዓይኗ ሁልጊዜ ቀይ ነበር። ስትተነፍስ ደረቷ ይጮህ ነበር። ያንን ጥቀርሻ ጣራው ብቻ አይደለም የለበሰው፣ ሳንባዋም ለብሶታል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ብዙውን ጊዜ ምድጃ ሥር ውለው የሚያድሩት ደግሞ ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። ጭሱን ከእናቴ ክፍል ማውጣቴ ስህተት አልነበረም። ስህተቴ ጭሱ ይሠራው የነበረውን ሥራ ለማንም ሳልሰጥ ማውጣቴ ነው።

እናቴ ሁለቱንም ዓይነት ቤት ኖራበታለች። አንደኛው በጭስ፣ ሁለተኛው በሻጋታ ሳንባዋን ነካው። ለሐኪም ግን ሁለቱም «ሳል» ናቸው።

ሻጋታ ማንን እንደሚጎዳ እንለይ። ጤነኛ ሰው ከሻጋታ ብናኝ ጋር በየቀኑ ይኖራል፤ ብናኙ የሌለበት አየር የለም። ጉዳቱ ሲበዛና ሲረዝም ነው፤ በተለይ ሕፃናት፣ አዛውንት፣ አስም ያለባቸውና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ላይ። ለእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ ቲቢ ድኖ ሳንባቸው ላይ ጠባሳና ክፍተት የቀረባቸው ሰዎች። አስፐርጂለስ እዚያ ክፍተት ውስጥ ሊያድግ ይችላል፤ ምልክቱም ሳል፣ ክብደት መቀነስ፣ አንዳንዴ ደም ያለበት አክታ ነው። ማለትም ቲቢ የተመለሰ ይመስላል። ስለዚህ ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ ሻጋታ ነው ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፤ ተመርመሩ። ምርመራው ነፃ ሲል ደግሞ ስለምትተኙበት ክፍል ለሐኪሙ ንገሩት።

ቡናው የሚያውቀው፣ ቤቱ የማያውቀው

የገረመኝን ልንገራችሁ። ከፋ ውስጥ ስለ ሻጋታ የማያውቅ የቡና ገበሬ የለም። እናቴ ቡና መሬት ላይ አታሰጣም፤ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ነው፣ ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ። ቀን ታገላብጠዋለች። ዝናብ ሲመጣና ሲመሽ ትሸፍነዋለች፣ ጠዋት ትገልጠዋለች። እርጥበቱ 12 በመቶ አካባቢ ሳይወርድ ጆንያ ውስጥ አይገባም፤ መለኪያ ባይኖራት እንኳ በጥርሷና በድምፁ ታውቀዋለች። ጆንያውን ግድግዳ አታስጠጋም፣ ከሥሩ እንጨት ታነጥፍለታለች።

ምክንያቱም ዋጋ አለው። የሻገተ ቡና ኦክራቶክሲን የሚባል ኩላሊትን የሚጎዳ መርዝ ሊይዝ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ለተቆላ ቡና ያስቀመጠው ወሰን በኪሎ 5 ማይክሮ ግራም ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 2023 ጀምሮ ወደ 3 ዝቅ ብሏል። አውሮፓ ውስጥ ያለ ጠጪ ኩላሊት ከዋጫ ጀምሮ ይጠበቃል ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ይጠበቅ። ግን ያንን ቡና ያደረቀችው ሴት የምትተኛበትን ክፍል እርጥበት የሚለካ የለም።

ይሄንን ሳስብ ከእናቴ ጋር ግድግዳው ሥር ተቀምጠን ነበር። «እማዬ፣ ይሄ ቤት ቡና ቢሆን ምን ታደርጊው ነበር?» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ቆም ብላ አየችውና እያንዳንዱን ነገር ዘረዘረችልኝ። ከመሬት አነሳው ነበር። ነፋስ አሳልፍበት ነበር። ፀሐይ አሳየው ነበር። ግድግዳ አላስጠጋውም ነበር። የተበላሸውን ከደህናው ለይቼ እጥለው ነበር።

እኔ ለሳምንታት ያነበብኩት በአምስት ዓረፍተ ነገር አለቀ።

ያደረግነው

በመጀመሪያ ከውኃው ጀመርን። ጣራው ላይ አሸንዳ አስገጠምን፣ ቤቱን ዙሪያ ቦይ ቆፍረን የክረምቱን ጎርፍ ከመሠረቱ አራቅነው። ግድግዳው ሥር የተቆለለውን አፈርና ማገዶ አነሳን።

ቀጥሎ ግድግዳው። ከወለሉ እስከ አንድ ሜትር ያለውን የሲሚንቶ ልስን አስረገፍኩት። ከሥሩ የወጣው ጭቃ በእጅ ሲጨመቅ ይለመጥ ነበር። ሳምንታት ክፍት ትተን አደረቅነው፤ ካህኑ ቤቱን ሰባት ቀን የዘጋው ገባኝ፣ መጠበቅ የሥራው ግማሽ ነው። ከዚያ በጭድ በተቦካ ጭቃ አስመረግነው፣ በኖራ ቀባነው። ኖራ ግድግዳውን አያፍንም፣ ሻጋታም አይመቸውም። (ስትቀቡ ዓይናችሁን ጠብቁ፤ ያቃጥላል።)

የቀረውን ጠንካራ ቦታ በሳሙናና በውኃ ፈገፈግነው፣ አደረቅነው። አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ በርና መስኮት ከፍተን፣ እናቴን ከቤት አስወጥተን። ሁሉም ሰው በረኪና ይላል። በረኪና ሴራሚክና መስታወት ላይ ይሠራል፤ ጭቃና እንጨት ውስጥ ግን ሥሩ ድረስ አይደርስም። የሞተ ሻጋታም ቢሆን ካልተነሳ አለርጂ ያስነሳል። በረኪናን ደግሞ ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ከሻጋታው የባሰ ነው። በሻጋታ ላይ ቀለም መቀባት ደግሞ ስህተትን ላለማየት ስክሪኑን ማጥፋት ነው።

የጠቆረውን የስፖንጅ ፍራሽ ጣልነው። በኮርኒሱና በጣራው መካከል ነፋስ እንዲያልፍ ከሁለቱ ጫፍ መተንፈሻ አስከፈትኩ፣ በወንፊት ሽቦ ሸፈንኩት። አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅን። መኝታ ክፍል ውስጥ ይቀመጥ የነበረውን የጀንፈል ቡና ጆንያ አወጣን፤ እሱም ለካ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹን እየጨመረልን ነበር። እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ አይሰጣም። ጠዋት ጠዋት ሁለቱም መስኮቶች ለግማሽ ሰዓት ይከፈታሉ። አዲስ አበባ ከገዛሁት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ላይ እናቴ ቁጥሩን እያነበበች ትደውልልኛለች። 70 ካለፈ መስኮት ትከፍታለች።

ሳሏ? ቀንሷል። ሻጋታው ስለሄደ ይሁን ክረምቱ ስለወጣ በእርግጠኝነት አልናገርም። አንዲት እናት ጥናት አይደለችም። ሐኪሙም «ሻጋታው ነው» ብሎ አልማለልኝም፤ «ይሄ ቤት ግን አይጠቅማትም» ነው ያለኝ። ለእኔ በቂ ነው።

ግድግዳው የማን ነው?

ይሄንን ስታነቡ ምናልባት አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር የተከራያችሁት ክፍል ውስጥ ናችሁ። ሰርቪስ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ሊሆን ይችላል፣ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። እኔ ቤቱ የራሳችን ስለሆነ ልስኑን አስረገፍኩ። ተከራይ ሚስማር ለመምታት ፈቃድ ይጠይቃል።

እንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ አዋብ ኢስሃቅ የሚባል ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2020 ሞተ። ቤተሰቡ ከሱዳን የሄዱ ስደተኞች ነበሩ፤ የተከራዩት ቤት ሻግቷል ብለው ደጋግመው አቤት ብለዋል። የተሰጣቸው ምክር «ቀለም ቀቡበት» የሚል ነበር። ይሄ ዓረፍተ ነገር የእኔም ስለሆነ ሳነበው አመመኝ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2022 የሞቱን መንስኤ ያጣራው ባለሥልጣን ሕፃኑ የሞተው ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ በመጋለጡ በመጣ ከባድ የመተንፈሻ ሕመም መሆኑን ወሰነ። በ2023 በስሙ የሚጠራ ሕግ ወጣ፣ ከጥቅምት 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፦ የማኅበራዊ ቤት አከራይ አስቸኳይ አደጋ ከሆነ በ24 ሰዓት ውስጥ እርምጃ መውሰድ፣ ከባድ የእርጥበትና የሻጋታ አቤቱታን ደግሞ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መመርመር አለበት።

እኛም አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ አለን። ዋና ጉዳዩ ውልና ዋጋ ነው፤ ብር እንዳይጨምርብን መጠበቁ ትልቅ ነገር ነው። የሚቀጥለው ጥያቄ ግን በዚያ ብር ምን እየተነፈስን ነው የሚለው መሆን አለበት።

ባለፈው እሑድ እናቴ ደወለች። ስለ ቡና ዋጋ አወራች፣ ስለ ጎረቤት ልቅሶ አወራች። ከዚያ ፎቶ እንድትልክልኝ ለጎረቤት ልጅ ስልኩን ሰጠችው። ቡናው ተሽጦ አልጋው ባዶ ነበር። እላዩ ላይ አዲሱን ፍራሽ አስጥታዋለች፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከሥሩ ነፋስ እያለፈ፣ ፀሐይ ላይ። «እኩለ ቀን ላይ አገላብጠዋለሁ» አለችኝ።